እስከ ትንሣኤ ይቆያል

እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አቃቂ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ውስጥ ሳስገባ ኖሬያለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ፋይል ሲፈልግ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። በኋላ ያደረግሁትን ስትሰሙ «ይህቺን ሴትዮ ምን ነካት?» እንዳትሉ ነው።

ልጄ ሶስና ዓይነ ስውር ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክትጨርስ ድረስ መጽሐፏን የማነብላት እኔ ነበርኩ። እያነበብኩ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ እሷ ትቀሰቅሰኛለች። ዩኒቨርሲቲ በገባች ዓመት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይዛ መጣች። ስክሪኑ ላይ ያለውን አማርኛ ጮክ ብሎ ያነባል። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚናገር ይመስላል። ቢሆንም ያነባል፤ እንቅልፍም አይጥለውም። ሶስና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያለ እኔ ስትጨርስ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሠሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቅሁ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ውጭ አገር። ፕሮግራሙ በነጻ ነው። የውስጥ አሠራሩም ለማንም ክፍት ስለሆነ የቻለ ሁሉ እያየ ያርመዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አይቼ አላውቅም ነበር። የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩ። ሥራውን የጀመረው ናሆም የሚባል ልጅ መለሰልኝ።

«ማዘር፣ ምስጋናዎ ደርሶናል። መርዳት ከፈለጉ ደግሞ ማንም የማይፈልገው አንድ ሥራ አለን።»

ሥራው የኢሜይል ዝርዝር ማስተዳደር ነበር። ልጆቹ «ሊስት» ይሉታል። አንድ አድራሻ አለ፤ ወደዚያ የተላከ ነገር ለተመዘገቡት ሁሉ ይደርሳል። ችግሩ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መቀላቀሉ ነበር። ፕሮግራሙ የተበላሸበት ሰው ጩኸት፣ የባለሙያዎቹ ክርክር፣ የልደት መልካም ምኞት፣ ጸጉር የሚያበቅል ቅባት ማስታወቂያ። ሳየው እጄ አላስቀምጥ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሥርዓት አስያዝኩት። ዝርዝሩን ከፋፈልኩ፤ ማስታወቂያ፣ ውይይት፣ እርዳታ፣ ልዩ ልዩ። ልዩ ልዩ የሌለው መዝገብ ቤት፣ መዝገብ ቤት አይደለም። ከዚያ መልእክቱ አናት ላይ «ጉዳዩ፦» ብሎ ያልጻፈን ሰው ሁሉ መልእክቱን መለስኩበት። ራቪ የሚባል ሕንዳዊ ባለሙያ አለን። አማርኛ አያውቅም፤ የማሽኑን ድምፅ ግን እንደ ሰዓት ፈትቶ ይገጥመዋል። እሱም ሳይቀር በእንግሊዝኛ ፊደል «ጉዳዩ» እያለ መጻፍ ጀመረ። ናሆም ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ቁልፉንም እንደ ልማዴ አንገቴ ላይ አደረግሁ። የይለፍ ቃሉን ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም። ናሆም «ማዘር፣ ለሌላ አንድ ሰውም ይስጡ እንጂ» ሲለኝ «እኔ ባለሁበት አንድ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም» ብዬ ዘጋሁት። እውነቴን ነበር። አልጠፋም። የሆነው ከዚያ የባሰ ነው።

በዚያ ዓመት በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የፕሮግራሙ አዲስ እትም ወጣ። ከሰዓት በኋላ ናሆምና ራቪ ተጣሉ። የተጣሉት ማሽኑ ሲያነብ አራት ነጥብ ላይ ትንፋሽ ይውሰድ አይውሰድ በሚል ነው። አንዱ ሌላውን «ጆሮ የለህም» አለው። ሌሎችም ገቡበት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ሳነበው ደሜ ፈላ። በዚህ ሳምንት እጅ እንኳ አንጨባበጥም፤ ሰላምታ አንለዋወጥም። እንዴት ስድብ ይገባል?

ሁሉንም ዘጋሁ። የሚላክ መልእክት ሁሉ የቅባቱን ማስታወቂያ ወደማስቀርበት መያዣ እንዲሄድና እኔ እስክለቀው እዚያ እንዲቆይ አደረግሁ። ለላኪው ደግሞ ወዲያው የሚደርስ ማስታወቂያ ጻፍኩ።

«በሰሙነ ሕማማት ንግግር ስለማይበዛ መልእክትዎ እስከ ትንሣኤ ይቆያል። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ለበለጠ መረጃ»

ከዚያ ስሜንና የቤት ስልኬን ጨመርኩ። «ለበለጠ መረጃ» የማይል ማስታወቂያ አውጥቼ አላውቅም። ከታች በእንግሊዝኛም አስተረጎምኩትና በሰላም ተኛሁ። እግዚአብሔርም የተደሰተብኝ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት ሞባይሌን አጥፍቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ሶስና «ከሰዓት እደርስብሻለሁ» ብላ ቤት ቀረች። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ለስቅለት ስግደት ሄድኩ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ግንባሬን ከመሬት ሳነሣ የነጠላዬን ጫፍ ሰው ጎተተኝ። ሶስና ናት፤ ዘንጓን ይዛ እያለከለከች።

«እንዴት አገኘሽኝ?» አልኳት። ግቢው በነጭ ለባሽ ተሞልቷል፤ የሚያይ ሰውም ቢሆን አያገኘኝም ነበር።

«ጉልበትሽ ይንቋቋል። ከበሩ ጀምሮ ይሰማል።»

አጠገቤ የምትሰግደው ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

«ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?»

«እማ፣ ሊስቱን ዘግተሽዋል እንዴ?»

«አዎ። እስከ ትንሣኤ።»

«ሰው በቤት ስልክ ደወለ። መምህር አየለ ይባላል።»

በሹክሹክታ ነገረችኝ። መምህር አየለ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ያስተምራል። ሰኞ ፈተና አለባቸው። እስከ አሁን ጥያቄውን ሰው ያነብላቸው ነበር፤ አንባቢው ሲደክመው ይዘላል፣ ሲቸኩል ያጣድፋቸዋል። ዘንድሮ ግን በእኛ ፕሮግራም በኮምፒውተር፣ ራሳቸው እያዳመጡ እንዲፈተኑ ርዕሰ መምህሩ ለሙከራ ፈቅደዋል። መምህር አየለ ሐሙስ ጠዋት አዲሱን እትም ጫነ። ፕሮግራሙ ዲዳ ሆነ። ይከፈታል፤ ድምፅ የለውም። የድሮው እትም ደግሞ ከማሽኖቹ ጠፍቷል።

«ለእርዳታ ሊስት ጻፈ» አለች። «ያንቺ ማስታወቂያ መለሰለት። ደግሞ ጻፈ። ደግሞ መለሰለት።»

«ከዚያስ?»

«የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ዐሥር ሰዓት ላይ ዘግቶ ለበዓል ይሄዳል። የሚመለሰው ሰኞ በፈተናው ሰዓት ነው። እስከዚያ ካልተስተካከለ ርዕሰ መምህሩ እንደ ድሮው አንባቢ ይመድባሉ። ልጆቹ እዚያው ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው፣ እማ።»

ሶስና አንባቢ ሲመደብላት ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ።

የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ማርያም የወይራ ዝንጣፊ ይዘው ቆመዋል። ቀረብ አልኳቸው።

«አባ፣ ልወጣ ነው።»

«ስግደቱ ሳያልቅ? ምነው?»

«የሰው መልእክት ተይዞ ቀርቷል። ችግር ላይ ያሉ ልጆች ናቸው።»

«ማን ያዘው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ለሕማማቱ ብዬ።»

አባ ትኩር ብለው አዩኝ። ንስሐ ስገባ እንኳ እንዲህ አይተውኝ አያውቁም።

«ልጄ፣ ዛሬ እኮ በርባን እንኳ ተፈቷል» አሉ። «ሂጂ ልቀቂው። ስግደቱ እዚሁ ይጠብቅሻል።»

በር ላይ ባጃጅ አገኘን። ሹፌሩ ግንባሬ ላይ ያለውን አፈር በመስታወት አየና «እማማ፣ ከስግደት ጠፍተው ነው?» አለኝ።

«ንዳ» አልኩት።

ቤት ስንደርስ መብራት የለም። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ሶስና «በስልክ ክፈችው» አለችኝ። አይከፈትም። የሊስቱ ማስተዳደሪያ ገጽ ከእኔ ላፕቶፕ በቀር በምንም እንዳይከፈት ያደረግሁት እኔው ነኝ። ለጥንቃቄ።

ላፕቶፑን ነጠላዬ ሥር ይዤ ወደ ሙኒራ ሱቅ ሄድን። ሙኒራ የስልጤ ልጅ ናት። በሰፈራችን ወዳለው ማረሚያ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፤ ጠያቂዎች መታወቂያ የሚያስገለብጡት፣ ሳሙናና ብስኩት የሚገዙት እሷ ዘንድ ነው። በመንደሩ ጄኔሬተር ያላት እሷ ናት። በስቅለትም ሱቋ ክፍት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

«እትዬ ዘነቡ! በዛሬው ቀን?» አለች። «ምነው ግንባርሽ?»

«ሶኬት ስጪኝ።»

«ሰው ታመመ?»

«ሰው ዘግቼ ነው።»

አልገባትም። ወደ ሶስና ዞረች። ሶስና ባጭሩ ነገረቻት። ሙኒራ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ነቅላ ሶኬቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ስንቅ ያዘለ ፌስታል ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውዬ «እኔስ?» አላት።

«ታገሠኝ ወንድሜ። ልጆች ተቆልፎባቸው ነው።»

ሰውዬው ፌስታሉን ከባንኮኒው ላይ አንሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ። በዚያ መንገድ ላይ «ተቆልፎባቸዋል» ሲባል ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም።

ላፕቶፔ እንደ እኔ ነው፤ ሲነሣ ያቃስታል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ገጹ ሲከፈት መያዣው እስከ አፉ ሞልቷል። ከላይ የመምህር አየለ መልእክቶች ተደርድረዋል።

«ጉዳዩ፦ እርዳታ ስለመጠየቅ።» «ጉዳዩ፦ አስቸኳይ እርዳታ ስለመጠየቅ።» «ጉዳዩ፦ እባካችሁ።»

ሰውዬው በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ እንኳ ደንቤን አልጣሰም። ያፈርኩት እዚህ ላይ ነው።

ከሥራቸው የራቪ አለ። ሐሙስ ማታ የላከው ነው። እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃ ሙኒራ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ እየተረጎመች በጆሮዬ አነበበችልኝ። ራቪ አዲሱ እትም በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ዲዳ እንደሚሆን ራሱ ሲሞክር አግኝቶታል። ስሕተቱን አርሟል። የታረመውንም አያይዟል። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጨምሯል፤ «በትንፋሹ ጉዳይ ናሆም ልክ ነበር። ይቅርታ።»

ጥያቄውና መልሱ እኔ በቆለፍኩት ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን አድረዋል። ሊተያዩ አልቻሉም። መሀላቸው የቆምኩት እኔ ነኝ። መዝጋቴ የሚያስታርቃቸው ይመስል የዘጋሁባቸው ሰዎችም ያለ እኔ ሊታረቁ ነበር።

«እማ፣ ምን አገኘሽ?»

«መልሱ አለ።»

«የት?»

«እኔ ጋ።»

አንድ በአንድ መርጦ ለመልቀቅ ጊዜ የለም። «ሁሉንም ልቀቅ» የሚለውን ተጫንኩት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ የሶስና ስልክ ይጮህ ጀመር። እሷ ስልኳን በዚያው ፕሮግራም ነው የምታስነብበው፤ በርሜል ውስጥ ያለው ሰውዬ በሱቁ መሀል ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ራሰ በራነት ድሮ ቀረ! አንድ ጊዜ ተቀብተው ልዩነቱን ይዩ!»

የጸጉር ቅባቱን ረስቼው ነበር። ስንት ጊዜ ያጠራቀምኩት ማስታወቂያ በስቅለት ዕለት ለዓለም ተበተነ። ሙኒራ ባንኮኒውን ይዛ ሳቀች። ባለ ፌስታሉ ሰውዬ ባርኔጣውን አስተካከለ።

ወደ መምህር አየለ ደወልን። አይገኝም። እንደገና። አይገኝም። ሙኒራ የራሷን ስልክ አውጥታ ሞከረች፤ ገባላት፤ ሰጠችኝ።

«መምህር፣ ዘነበች ነኝ። የኢሜይሉ—»

«እርስዎ ነዎት እስከ ትንሣኤ?»

«እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ። መልሱ ተልኮልዎታል።»

«አሁን ደረሰኝ። በስልኬ አወረድኩት።» ድምፁ ግን የተደሰተ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ቁልፍ ያዡ ጋሽ ታደለ ቆልፎ ሄደ እንጂ። ዐሥር ሰዓት አልሞላም ብዬ ብለምነው፣ ስግደቱ አመለጠኝ አለ። እኛን አስወጥቶ ሄደ።»

«ወዴት?»

«እዚሁ ሚካኤል ነው የሚሰግደው። ግን ከተማው በሙሉ እዚያ ነው፣ እናቴ። ሁሉም ነጭ ለብሷል፤ ሁሉም አጎንብሷል። በምን ለይቼ ላግኘው?»

ሌላም ቁልፍ ያዥ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ጠፋ። ሶስና ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«መምህር፣ ተማሪዎችዎ አብረውዎት ናቸው?»

«አሉ፤ ደጁ ላይ ቆመናል።»

«ጋሽ ታደለን በምን ነው የሚያውቁት? ይጠይቁልኝ።»

ከሩቅ የልጃገረድ ድምፅ ተሰማ። «በሳሉ!» ሌላ ልጅ ተቀበለ፤ «ቁልፎቹ! ሲራመድ ይንሿሿሉ እኮ! ሲሰግድማ!»

«ይዘዋቸው ይሂዱ» አለች ሶስና። «እኔ እናቴን በጉልበቷ ነው ያገኘኋት።»

መስመሩ ተቋረጠ። ጠበቅን፤ አልደወለም። ባለ ፌስታሉ ሰውዬ እንኳ መታወቂያውን ካስገለበጠ በኋላ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ «እግዜር ይርዳቸው» ብሎ ሄደ። እኔም ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። ሰገድኩ፤ ልቤ ግን በማላውቀው ሚካኤል ግቢ ውስጥ የቁልፍ ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ ከልቤ የሰገድኩ አይመስለኝም።

ሲያበቃ አባ በወይራው ቸብ ቸብ እያደረጉኝ «ለቀቅሽው?» አሉ።

«ለቀቅሁት አባ። የማይለቀቀውንም ጭምር።»

ስግደት ጨመሩልኝ። አልተከራከርኩም።

ቤት ገብተን ጉልባኑን እየቀማመስን ሳለ የቤት ስልኩ ጮኸ። ሶስናና እኔ ጆሯችንን አንድ ላይ አስጠጋን። መምህር አየለ ሰላም እንኳ አላለም። «ስሙ» ብቻ አለ። ከዚያ ያ ጉንፋን የያዘው ሰውዬ ከበርሜሉ ውስጥ ተናገረ።

«በሰሙነ ሕማማት ንግግር ስለማይበዛ መልእክትዎ እስከ ትንሣኤ ይቆያል።»

አራት ነጥቡ ላይ ትንፋሽ ወሰደ። ናሆም እውነትም ልክ ነበር።

«ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ለበለጠ መረጃ፣ ወይዘሮ ዘነበች።»

ከኋላው የልጆች ሳቅ ፈነዳ። ለመሞከሪያ አማርኛ ጽሑፍ ፈልገው ነው። በመምህሩ ስልክ ውስጥ በብዛት የተገኘው የእኔው ማስታወቂያ ነበር። ጋሽ ታደለ ደግሞ ከኋላ እየሳለ «በቃ ልዝጋው?» ይላል። ሶስና በጣም ከመሳቋ የተነሣ ጉልባኑ ትን አላት። እኔም ሳቅሁ። በስቅለት ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ልጆቹ ተፈተኑ። ራሳቸው አዳመጡ፤ ሲፈልጉ ደገሙት፤ ራሳቸው መለሱ። ውጤቱ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ አልጠየቅሁም። ርዕሰ መምህሩ ከዚያ ወዲህ አንባቢ እንዳልመደቡ ግን ሰምቻለሁ። ተመስገን።

ትንሣኤ ዕለት ለሁሉም ይቅርታ ጻፍኩ። ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ። ራቪ «ትንሣኤ ማለት ምንድን ነው? መልእክቶቹ ከዚያ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ መለሰልኝ። የሚገባኝን ያህል አስረዳሁት። ልዩ ልዩ ውስጥ አስገባሁት።

ገጹ በሌላ ማሽንም እንዲከፈት አድርጌ የይለፍ ቃሉን ለናሆም ሰጠሁ። ሦስተኛ ቁልፍ ያዥ ማንን እንደማደርግ ግን ብዙ አላሰብኩም። ወደ ሙኒራ ሱቅ ሄድኩ።

«እኔ ምን አውቄ?» አለች። «ፎቶ ኮፒ የማነሣ ሴት።»

«ሰው ሲቸገር ማሽንሽን ትነቅያለሽ። ሌላው ይለመዳል።»

አሁን በእኔ ጾምና በዓል እሷ ትጠብቃለች፤ በረመዳን ማምሻና በኢድ እኔ። ለስቅለት ስወጣ ሱቋ በር ላይ ቆም ብዬ «ሄድኩ» እላታለሁ። «ሂጂ እትዬ፣ በዱዓሽ አትርሺን» ትለኛለች። ሞባይሌን ዛሬም አጥፍቼ ነው የምሄደው። ልቤ ግን እንደ ድሮው አልተቆለፈም።

ይህን የምታነቡ፣ መቼም ከእናንተ ውስጥ የአንድ ነገር ቁልፍ የያዘ አይጠፋም። የቢሮ ይሁን፣ የማኅበር ይሁን፣ የእድር ድንኳን ይሁን። እኔ በቅንነት ነበር የያዝኩት። ለእግዚአብሔር ብዬ ነበር የዘጋሁት። እሱ ግን በዚያው ቀን ከፍታችሁ አስገቡ ሲል ነው የዋለው። ዛሬ ማታ ቁልፋችሁን ሌላ ማን እንደሚያውቀው ራሳችሁን ጠይቁ። ያን ያህል ነው የምለው።

ማስታወቂያዬንም ቀይሬዋለሁ። አሁን ለእርዳታ የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ ጾም ሆነ ፍስክ፣ ይህ ይደርሰዋል፤ «መልእክትዎ ደርሷል። ሰው አለ። ለበለጠ መረጃ» ከዚያ የሙኒራና የእኔ ስልክ።

ናሆም «ማዘር፣ ለበለጠ መረጃ የምትለዋ እንኳ ብትቀር?» ብሎኝ ነበር። አትቀርም። እሷ ባትኖር መምህር አየለ ወዴት ይደውል ነበር?